ዶሮዬ አንገቷ ወደ ኋላ ዞሮ ሚዛኗን እየሳተች ትወድቃለች፣ ፈንግል ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ሀና_የጓሮ_ዶሮ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ቸኩዬ ስለሆነ የምጽፈው ፊደል ብገድፍ ይቅርታ። ሰሚት ነው የምኖረው፣ ጓሮዬ ውስጥ 12 ቦቫንስ ብራውን አሉኝ፣ ቄብ ሆነው ነው የገዛኋቸው አሁን ሰባት ወር አካባቢ ሆኗቸዋል እንቁላልም በደንብ ይዘው ነበር። ከትናንት ወዲያ ጠዋት መኖ ልሰጥ ስገባ አንዷ ጥግ ላይ እግሯን አጥፋ ቁጭ ብላ ጭንቅላቷን ወደ ጀርባዋ ስባ ጣራ ጣራውን ታያለች። ላነሳት ስል ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደችና በጎኗ ተደፋች። የገረመኝ ነገር የምግብ ፍላጎት አላት፣ በቆሎ ስበትንላት ልትለቅም ትሞክራለች ግን ጥሬዋን ስታ አጠገቡ ያለውን መሬት ነው የምትመታው። ዛሬ ደሞ ሁለተኛዋ ጀመራት፣ እሷ ገና ናት ቆማ ትሄዳለች ግን ትንገዳገዳለች ማታ ቆጥ ላይ መውጣት አቅቷት ታች አደረች።

ጎረቤታችን ጋሼ አይተው "ይሄ ፈንግል ነው ልጄ፣ ሳይጨርስብሽ ዛሬውኑ ሁሉንም እረጂያቸው" አሉኝ። የእንስሳት መድኃኒት ቤት ሄድኩ፣ ልጁ ዶሮዋን ሳያይ ሳይጠይቀኝ ኦክሲ (ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ) ሰጠኝ፣ ይዤው ቁጭ ብያለሁ አልጀመርኩትም። ልጆቼ ለሁሉም ስም አውጥተውላቸው እቤት ውስጥ ማረድ የሚባል ቃል ማንሳት አልተቻለም በቃ። ምን ላድርግ? የሌሎቹንስ እንቁላል መብላት እንችላለን?

ባለሳሶ፦
ፈንግል ነው እህቴ ምንም ጥያቄ የለውም። እኔ ሳሶዎቼን ልክ ክረምት ሊገባ ሲል እንዲሁ አንገታቸው እየተጠማዘዘ ነው ያለቁብኝ፣ መጀመሪያ አንድ ከዛ ሦስት ከዛ በሳምንቱ ቤቱ ባዶ። ጋሼ ልክ ናቸው፣ እያሰብሽ ሳለ ሁሉም ይሞትና ሥጋውንም ታጪዋለሽ።

አተላ_ቀማሽ፦
ለፋሲካ ጠላ ጠምቀሽ አተላውን ጓሮ አልደፋሽም? ቀልድ እንዳይመስልሽ፣ እናቴ ቤት አውራው አተላ ጠግቦ ግድግዳ እየተደገፈ ሲሄድ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አይቶታል፣ በማግስቱ ግን ምንም እንዳልሆነ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ይጮህ ነበር። ያንቺ ግን ሁለት ቀን ስላለፋት አተላ አይመስለኝም፣ እግዜር ይማርልሽ።

ዶሮ_በቨርጂኒያ፦
ሰላም ሀናዬ፣ እኔ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው፣ እዚህም ጓሮ ዶሮ ማርባት ፋሽን ሆኖ አበሻውም ገብቶበታል። እኔ ጋር ሚዛን ማጣት ሲባል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማሬክስ ነው። ቫይረስ ነው፣ ከላባቸው በሚረግፈው አቧራ ነው የሚተላለፈው፣ ነርቫቸውን ያሳብጠዋል በተለይ ወደ እግር የሚሄደውን ትልቁን ነርቭ። ከስድስት ሳምንት ጀምሮ ይይዛል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሊጥሉ ሲሉ ወይ መጣል እንደጀመሩ ነው የሚታየው ስለዚህ ሰባት ወር ከዛ አይርቅም። ዋናው ምልክቱ አንድ እግሯን ወደ ፊት አንዱን ወደ ኋላ ዘርግታ ትተኛለች። አይኗንም እይው፣ ብሌኑ ዙሪያ ያለው ቀለም ግራጫ ሆኖ ብሌኑ ክብነቱን ካጣ ማሬክስ ነው በይ። ክትባቱ ጫጩቷ በተፈለፈለች ቀን ነው የሚሰጠው ከዛ በኋላ ዋጋ የለውም፣ መድኃኒትም የለውም ይቅርታ። ያንቺዎቹ ተከትበው ነው የተሸጡልሽ?

ቬት_ደብረዘይት፦
ሰላም ሀና። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከላይ የተጻፉት ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ ግን ካንድ አንገት ተነስቶ 12 ዶሮ ማሳረድ ይከብዳል፣ "ሚዛን አጣች" ማለት በሽታ አይደለም፣ ከአንጎል ከነርቭ ከጡንቻ ካጥንት ከየትም ሊመጣ የሚችል ምልክት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ አንገቷን ለጊዜው ተዪና ሌላውን ነገር አጣሪ።

ኩሷን እይ፣ አረንጓዴ ውሃ ውሃ የሆነ ነው ወይስ ደህና ነው? አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ ታስነጥሳለች፣ ታንኮራፋለች? የሌሎቹ እንቁላል ባንዴ ቀንሷል፣ ቅርፊቱ ስስ ወይ የተጣመመ ሆኗል? ፈንግል መንጋ ውስጥ ሲገባ አንገት ብቻ አጣሞ ዝም አይልም፣ ያልተከተበ ዶሮ ላይ ከሆነ በጥቂት ቀን ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ነው የሚጠርገው። ባለሳሶ ያለው ለዛ ነው ልክ ነው። የተከተበ ነገር ግን ክትባቱ የደከመ መንጋ ላይ ግን ቀስ ብሎ እንቁላል በመቀነስና አልፎ አልፎ ባንዳንዷ አንገት ላይ ብቻ ሊታይ ይችላል፣ እና ሰውን የሚያሳስተው ይሄኛው ነው።

ሁለተኛ፣ ባለፈው አንድ ወር ቤትሽ ምን አዲስ ነገር ገባ? ለበዓል ከገበያ ዶሮ ገዝተሽ ከነሱ ጋር አሳድረሻል? መኖ ቀይረሻል፣ የሻገተ በቆሎ ወይ የቆየ ፋጉሎ ሰጥተሻል? ቅማል ወይ ቁንጫ ብለሽ ማላታይን ረጭተሻል? እሱ ከሆነ አፏ ምራቅ ያዝረከርካል ብሌኗ ይጠባል። የሞተ አይጥ ወይ ትል የወጣበት ሬሳ ጓሮ ውስጥ አግኝተዋል? እሱ ደሞ ቦቱሊዝም ያመጣል፣ እዛ ላይ ግን አንገቷ ዝልፍልፍ ብሎ መሬት ላይ ይተኛል እንጂ ወደ ኋላ አይሳብም። ግድግዳ እየተፋቀ የወደቀ አሮጌ ቀለም ወይ የተጣለ ባትሪ ካለም ንገሪኝ፣ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት አለበት።

ሦስተኛ እና ከሁሉም በላይ፣ ምን መድኃኒት ሰጥተሻቸዋል፣ ምን ያህል፣ ለስንት ጊዜ? ኦክሲውን እንዳትጀምሪ። እሱ ባክቴሪያ ላይ ነው የሚሠራው፣ ፈንግልም ማሬክስም ቫይረስ ናቸው አይነካቸውም፣ ትርፉ የ12 ዶሮ እንቁላል ሳትበሉት መድፋት ነው።

እስክትመልሺልኝ ሁለቱን ለይተሽ ጨለም ያለ ጸጥ ያለ ቦታ ካርቶን ውስጥ ገለባ አድርገሽ አስቀምጪያቸው፣ ሌሎቹ ደካማ ሲያዩ ይነቁራሉ። ማንኛዋንም ዶሮ ለጎረቤት አትስጪ፣ አትሽጪ።

ሀና_የጓሮ_ዶሮ፦
ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ፣ ባንድ ላይ ልመልስልዎት። ኩሳቸው ደህና ነው አረንጓዴ የለም። መተንፈስ ላይ ምንም የለም። እንቁላል ትንሽ ቀንሷል ግን ቅርፊቱ ደህና ነው። አይናቸውን ፀሐይ ላይ አውጥቼ አየሁት ሁለቱም እንደሌሎቹ ብርቱካንማ ነው ብሌኑም ክብ ነው። እግሯንም አንዱን ወደፊት አንዱን ወደኋላ አታደርግም፣ ሁለቱንም ነው ከስሯ የምታጥፈው። ማላታይን አልረጨሁም፣ ግቢያችን ኮንክሪት ነው የሞተ ነገር የለም።

ለፋሲካ አንድ አውራ ገዝተን ነበር፣ በረንዳ ላይ ታስሮ ነው ያደረው ከነሱ ጋር አልተቀላቀለም፣ ቅዳሜ ማታ ታርዷል። ላባውን ግን ጓሮ ነው የነጨነው።

መድኃኒት ያሉት ነገር፣ ከበዓሉ በፊት ዝናቡ ሲበዛ ሰጋቱራው ረጥቦ ኩሳቸው ላይ ደም አይቼ ሌላ መድኃኒት ቤት ኮክሲዲያ (የአንጀት ተውሳክ) ነው ብለው አምፕሮሊየም ሰጡኝ። ባንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ አድርጊ፣ በሽታው እንዳይመለስ ደሞ አታቋርጪ አሉኝ። ደሙ በሦስት አራት ቀን ጠፋ፣ እኔ ግን አታቋርጪ ስላሉኝ ይኸው ሦስት ሳምንት ገደማ ከሱ ውጪ ሌላ ውሃ አልጠጡም። ክትባት ሻጩ ሁሉንም ተከትበዋል ነበር ያለኝ፣ ከገዛኋቸው በኋላ ግን ምንም አልተሰጣቸውም። አሁን ሳየው ፓኬቱ ላይ 20 ፐርሰንት ይላል።

ቬት_ደብረዘይት፦
አሁን ወደ ነገሩ መጣን። አምፕሮሊየሙን አሁኑኑ ድፊው፣ መጠጫውን እጠቢውና ንጹህ ውሃ ስጪ። ከዛ የቀረውን አንብቢ።

አምፕሮሊየም ኮክሲዲያን የሚገድለው እንዲህ ነው፣ ቅርጹ ቢ1 ከሚባለው ቫይታሚን ማለት ታያሚን ጋር በጣም ይመሳሰላል። ተውሳኩ ቢ1 የገባለት መስሎት እሱን ይወስዳል፣ ታክሲ ላይ የሌላ ሰው ወንበር ቀድሞ እንደሚይዝ ተሳፋሪ በለው፣ ባለቤቱ ቢ1 ቆሞ ይቀራል ተውሳኩም በረሃብ ይሞታል። በትክክለኛው መጠን ዶሮዋን ብዙም አይነካትም። መጠኑ ሲበዛና ሲረዝም ግን የዶሮዋንም ወንበር መያዝ ይጀምራል። አንጎልና ነርቭ ደሞ ያለ ቢ1 ስኳርን ወደ ጉልበት መቀየር አይችሉም።

መጠኑን እናስላው። ባለ 20 ፐርሰንቱ ዱቄት የተለመደው መጠን ባንድ ሊትር ውሃ 0.6 ግራም ነው፣ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን፣ በሽታው ከበረታ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት እጥፍ ይደረጋል፣ ከዛ በግማሽ ቀንሶ አንድ ሁለት ሳምንት ነው። የሻይ ማንኪያ ደሞ እንዳሞላልሽ ከ3 እስከ 5 ግራም ይይዛል። ማለት ከሚገባው ከአምስት እስከ ስምንት እጥፍ፣ እሱም ለሦስት ሳምንት። አዋቂ ዶሮ ቢ1 የሌለው መኖ ስትበላ ምልክቱ የሚታየውም ሦስት ሳምንት አካባቢ ላይ ነው። መጀመሪያ እግሯ ይደክማል በታጠፈ እግሯ ትቀመጣለች፣ ከዛ ከፊት በኩል ያለው የአንገት ጡንቻ ሲሰንፍ ጭንቅላቷ ወደ ጀርባዋ ይሳባል። ፈረንጆቹ ኮከብ ቆጣሪ ይሏታል፣ አንቺ ጣራ ጣራውን ታያለች ያልሽው ያ ነው። ለምን ሁለቷ ብቻ ካልሽ፣ ብዙ የምትጥል ዶሮ ብዙ ውሃ ትጠጣለች፣ ሌሎቹም ወረፋ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ።

ፈንግል አይደለም ብዬ ግን አልፈርምልሽም፣ ፈንግልም እንዲህ አንገት ወደ ኋላ ሊስብ ይችላል፣ በአንገቱ ብቻ መለየት አይቻልም። ጥሩው ነገር የቢ1 እጥረት ራሱ መልስ ይሰጣል፣ ቢ1 ስታገኝ በሰዓታት ውስጥ ቢበዛ በቀን ለውጥ ይታያል። ፈንግል ወይ ማሬክስ ከሆነ በቫይታሚን እንዲህ ቶሎ አይነሳም። ስለዚህ ሕክምናውም ምርመራውም አንድ ነው። ከቻልሽ ወደ ክሊኒክ ውሰጃት በመርፌ ይስጧት፣ ካልቻልሽ ከሰው ፋርማሲ የቢ1 ወይ የቢ ኮምፕሌክስ ክኒን ፈጭተሽ በትንሽ ውሃ በጥብጠሽ ለሁለቱ በአፍ፣ ለቀሩት አሥሩ ደሞ ለዶሮ የሚሸጠውን የቫይታሚን ዱቄት ውሃ ውስጥ። ቢ1 ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ነው ትንሽ ቢተርፍ በሽንቷ ይወጣል። መኖው ላይ ፍሩሽካ ጨምሪላቸው፣ ቢ1 በብዛት ያለው የእህሉ ሽፋን ላይ ነው።

እንቁላሉን በሚመለከት፣ አምፕሮሊየም በትክክለኛው መጠን ሲሰጥ እንቁላሉ ይበላል፣ ያንቺ መጠን ግን በጣም ስለበዛ ንጹህ ውሃ ጥቂት ቀን እስኪጠጡ ተዉት፣ ከዛ ብሉት። ኦክሲ ጀምረሽ ቢሆን መልሴ ሌላ ነበር።

የቆጥ_እናት፦
ልጄ ሀና፣ ዶክተሩ መድኃኒቱን ነገረሽ አሰጣጡን ግን እኔ ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው ዶሮውን የሚገድለው በሽታው ሳይሆን ውሃ ሲያጠጣ ነው።

አሮጌ ነጠላ ወይ ፎጣ አምጪና ክንፏን ሰብስበሽ ጠቅልያት፣ ጠበቅ ግን ደረቷን ሳታፍኚ፣ ዶሮ የምትተነፍሰው በደረቷ እንቅስቃሴ ነው። ጉልበትሽ መሃል አስቀምጫት። አንገቷ ወደ ኋላ ዞሮ ስታጠጫት ቀጥታ ሳንባዋ ይገባል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በግራ እጅሽ ጭንቅላቷን ከስር ደግፈሽ ቀስ እያልሽ ወደ ፊት መልሺው፣ በጉልበት አታዙሪ እሷ እስክትለቅልሽ ጠብቂ። ከዛ አፏን ስትከፍቺ ምላሷ ሥር አንዲት የምትከፈት የምትዘጋ ቀዳዳ ታያለሽ፣ እሷ የአየር መንገዷ ናት፣ እሷ ላይ እንዳታፈሺ። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይዘሽ ባፏ ጠርዝ በኩል ጠብ ጠብ አድርጊላት፣ ራሷ ስትውጥ ጉሮሮዋ ላይ ታይዋለሽ፣ ሳትውጥ ሌላ ጠብታ አትጨምሪ። ከዋጠች በኋላ ራሷን ትነቀንቃለች ያኔ አረፍ በይ።

ምግቡን ጥሬ አትስጫት ስታ ስታ ይደክማታል። መኖውን በውሃ ለውሰሽ ወፍራም አጥሚት አድርገሽ በጠባብ ጎድጓዳ ኩባያ አቅርቢላት፣ ጠርዙ ስለሚመራት ብትስትም ካፏ ይገባል። የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ብትቀላቅይበት ጥሩ ነው። ደረቷ ላይ ያለውን የምግብ ከረጢት ማታ ማታ ዳሰሽ ባዶ እንዳታድር። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት እናስጥ የሚሉሽ ይመጣሉ፣ እኔም ድሮ ሰጥቻለሁ፣ አይጎዳም ግን አንገት ሲያቃና አላየሁም። አረቄ የሚልሽን ደሞ እሱ ራሱ ይጠጣው።

ባለሳሶ፦
ዶክተር በአክብሮት ነው የምጠይቀው፣ ቫይታሚን ጠብቁ እያልን ፈንግል ቢሆንስ? የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ አይልቅም? የበዓሉ አውራ ላባ ጓሮ ተነጭቷል እያለችኮ ነው። እኔ የጠፋብኝ አንድ ቀን በመዘግየቴ ነው።

ቬት_ደብረዘይት፦
ወንድሜ ልክ ነህ፣ እሱ ላባ እኔንም አሳስቦኛል። ፈንግል ብዙውን ጊዜ ወደ ቤት የሚገባው እንደዛ ነው፣ ገበያ ላይ ከየቦታው የመጣ ዶሮ ባንድ ላይ ታስሮ ይውላል፣ ደህና የሚመስለው ሰው ቤት ይገባል፣ ላባው አንጀቱ የታጠበበት ውሃ ጓሮ ይደፋል፣ የቤቱ ዶሮ ይለቅመዋል። ምልክቱ ከተጋለጡ በኋላ ብዙውን ጊዜ በአምስት ስድስት ቀን ይታያል፣ ከሁለት እስከ አሥራ አምስት ቀን ይሆናል። ስለዚህ ሀና ጊዜው ስላላለፈ ይሄን ተከታተዪ፣ ሦስተኛ ዶሮ ከታመመች፣ አረንጓዴ ኩስ ከታየ፣ ወይ አንዷ ሳትታመም ድንገት ሞታ ካገኘሻት ቫይታሚኑ ላይ አትተኚ። የሞተችውን በሁለት ፌስታል ደርበሽ በበረዶ አቀዝቅዘሽ (ፍሪዘር ውስጥ አይደለም፣ በረዶ ሆና ከደረቀች ለምርመራ ትበላሻለች) በዛው ቀን ወይ በማግስቱ አስመርምሪ። ሰበታ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አለ፣ ቢሾፍቱም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፣ መንገዱ ከራቀሽ በወረዳሽ ከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሪ። የታመመ ዶሮ ስትነኪ እጅሽን ታጠቢ አይንሽን አትሺ፣ የፈንግል ቫይረስ ሰው ላይ ያው አይን ያቀላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዛ አያልፍም ግን ምን አደከመሽ።

ማረዱ ላይ፣ ፈንግል ነው ተብሎ ሲታረድ ላባና ደም ሰፈር ውስጥ ይበተናል፣ በሽታውን የሚያስፋፋው እሱ ራሱ ነው። ሥጋው ከበሰለ ቫይረሱ ይሞታል፣ ችግሩ ከማሰሮው ውጪ የሚቀረው ነው።

ዶሮ_በቨርጂኒያ፦
እኔ አይኗና እግሯ ላይ የመለሰችውን ሳየው ማሬክስ ነው ያልኩትን ትቻለሁ። አምፕሮሊየም እዚህም ሱቅ ውስጥ እንደልብ ነው የሚሸጠው፣ እኔ ጋር ፓኬቱ ላይ ያለው ማንኪያ በጋሎን ነው አንዳንዱ በሊትር ያደርገዋል። ጋሎን ወደ አራት ሊትር ስለሆነ አራት እጥፍ ያው።

ሀና_የጓሮ_ዶሮ፦
ዜና! ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ክኒኑን እማማ እንዳሉኝ አድርጌ ሰጠሁ (እማማ ስለ ቀዳዳዋ ባይነግሩኝ ኖሮ በቀጥታ እሱ ላይ ነበር የማፈሰው)። ትንገዳገድ የነበረችው ዛሬ ጠዋት ካርቶኑ ጠርዝ ላይ ወጥታ ቆማ አገኘኋት፣ ጥሬ ስትለቅምም አትስትም። የመጀመሪያዋ ገና ናት፣ አንገቷ ከጀርባዋ ተነስቷል ግን ስትደነግጥ ተመልሶ ይሄዳል፣ እግሯ ላይ ትንሽ ትቆምና ትቀመጣለች። ከአሥሩ አዲስ የታመመ የለም። ጋሼ መጥተው አይተው "አምላክ ነው" ብለው ሄዱ፣ ፈንግል ነው ያሉትን አላነሱትም እኔም አላነሳሁባቸውም።

ዶክተር ሁለት ነገር፣ የቆየችው ሙሉ በሙሉ ትድናለች? ኮክሲዲያው ቢመለስስ?

ቬት_ደብረዘይት፦
እንኳን ደስ አለሽ። እንዲህ ቶሎ መነሳታቸው ወደ ቢ1 ያደላል። የቆየችዋ ነርቭ ምን ያህል እንደተጎዳ አሁን አይታወቅም፣ አብዛኞቹ ይነሳሉ አንዳንዷ ግን ስትደነግጥ አንገቷን የማዘንበል ልማድ ይቀርባታል፣ እንቁላል መጣል አያግዳትም። ቀስ በይ፣ ካርቶን ውስጥ ትቆይ፣ ቆጥ ላይ አትመልሻት ከወደቀች ጭንቅላቷን ትመታለች እና እንደገና ከዜሮ ነው።

ኮክሲዲያ የሚያድገው እርጥበት ላይ ነው። ሰጋቱራው ሲረጥብ አውጥተሽ ጣይ፣ መጠጫውን ከመሬት አንስተሽ በጀርባቸው ቁመት ልክ ስቀዪው ያኔ አይደፉትም። አዋቂ ዶሮ ከጊዜ ጋር ራሷ መከላከል ታበጃለች፣ ጫጩት ነው የሚያልቀው። ከተመለሰም መጀመሪያ ኩሱን አስመርምሪ፣ መድኃኒቱን ደሞ በማንኪያ ሳይሆን በወርቅ ቤት ሚዛንም ቢሆን በግራም ለኪ።

ጫልቱ_ከአዳማ፦
ሳይረሳ እኔም ልጠይቅ፣ የእኔዎቹ ጫጩቶች ሁለት ሳምንታቸው ነው፣ ሁለቱ የእግር ጣታቸው ወደ ውስጥ እንደጨበጠ ሆኖ በቁርጭምጭሚታቸው ነው የሚሄዱት። ይሄም ቢ1 ነው?

ቬት_ደብረዘይት፦
ጣት ወደ ውስጥ መጨበጥ ቢ2 ነው፣ ሪቦፍላቪን። መኖው ስታርተር (የጫጩት መኖ) ነው ወይስ ቤት የተፈጨ በቆሎ ብቻ? በቆሎ ብቻውን ያለው ቢ2 በጣም ትንሽ ነው። ቫይታሚን ውሃ ውስጥ ጀምሪላቸው፣ ጣቱ ከቆየ አይቃናም ስለዚህ ዛሬ። ጭንቅላታቸውን እያዞሩ በጀርባቸው የሚወድቁ ጫጩቶች ካሉሽ ደሞ እሱ ቫይታሚን ኢ ነው፣ መኖው ቆይቶ ዘይቱ ሲበላሽ ይመጣል፣ የፋጉሎውን ሽታ እይው።

ሀና_የጓሮ_ዶሮ፦
የመጨረሻ ጥያቄ ዶክተር፣ አሁን የፈንግል ክትባት ልስጣቸው ወይ? መድኃኒት ቤቱ ላሶታ አለ ውሃ ውስጥ ነው አሉኝ።

ቬት_ደብረዘይት፦
አሁን አይደለም፣ የታመሙት ይነሱ ያ የተጋላጭነት ጊዜም ይለፍ። ከዛ ግን በእርግጥ ስጪ፣ ሻጩ ተከትበዋል ያለው ከወራት በፊት ያለውን ነው፣ እንቁላል ጣይ በየሦስት ወሩ ገደማ መደገም አለበት።

ላሶታ ሕይወት ያለው ክትባት ነው፣ ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ተቋም ያመርተዋል፣ ስትገዢ ከፍሪጅ ነው የሚያወጡልሽ ብለሽ እይ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት፣ በፌስታል ይዘሽ ታክሲ ላይ ፀሐይ ከመታው የሞተ ነው የምታጠጫቸው። በረዶ ያለበት ፔርሙዝ ይዘሽ ሂጂ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት ክትባቱን ይገድለዋል፣ ስለዚህ የጉድጓድ ውሃ ካለ እሱን፣ ከሌለ ክዳኑን ከፍተሽ ያሳደርሽውን ተጠቀሚና ባንድ ሊትር 2.5 ግራም ቅባቱ የወጣለት የወተት ዱቄት መጀመሪያ በጥብጪበት። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን በሳሙናም አትጠቢው። ጠዋት ውሃ ከልክለሻቸው አንድ ሁለት ሰዓት ይጠሙ፣ ከዛ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ስጫቸው። ሙቀት የሚችለውና በአይን አንድ ጠብታ የሚሰጠው ዓይነት ካገኘሽ ለ12 ዶሮ እሱ ይሻልሻል፣ እያንዳንዷ ማግኘቷን ታውቂያለሽ።

ብልቃጡ ለብዙ ዶሮ ስለሆነ ከተከፈተ አይቀመጥም። ጋሼንና ሌሎቹን ጎረቤቶች ጠርተሽ ባንድ ቀን ብታደርጉት ዋጋውም ይቀላል የሰፈሩም ዶሮ ይከተባል። ከእንቁጣጣሽ ገበያ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀደም አድርጉት።

ባለሳሶ፦
እህቴ ቀኑን ስትቆርጪ እዚሁ ጻፊልኝ፣ እኔም አያት ነኝ አሥር አዲስ ቄቦች አስገብቻለሁ፣ በረዶውን እኔ አመጣለሁ።